የደም ሥር፣ ልጅ እስኪፈለግ አይጠብቅም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፒሲኦኤስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ፣ እንዳለባቸው የተነገራቸው እህቶች ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ ያህል፦ ሐኪሞች የሚያዩት ሦስት ምልክቶችን ነው። የመጀመሪያው የወር አበባ መዛባት ነው። ሁለተኛው የወንዴ ሆርሞን መብዛት ሲሆን በአገጭና በላይኛው ከንፈር ፀጉር፣ በማይለቅ ብጉር ወይም በደም ምርመራ ይታወቃል። ሦስተኛው በአልትራሳውንድ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው) ላይ የሚታዩ ብዙ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙና ሌላ ምክንያት ከሌለ ፒሲኦኤስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገምታል።

«27 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፒሲኦኤስ አለሽ ስባል ‹ልጅ ስትፈልጊ ትመጫለሽ፣ እስከዚያ ምንም አይልሽም› ተብዬ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ለልብና ለደም ሥርም ያሰጋል ሲባል ሰማሁ። ኦቫሪና የደም ሥር ምን አገናኛቸው?» ከፈረንጅ አራዳ

የሚያገናኛቸው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው በአብዛኞቹ ሴቶች ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን በቀላሉ አይታዘዙም፤ ቆሽትም ያንኑ ሥራ ለማሠራት ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል። ኦቫሪ ግን እንደ ጡንቻው አልደነዘዘም። የበዛው ኢንሱሊን ይደርሰውና የወንዴ ሆርሞን እንዲያመርት ይገፋፋዋል። ጉበት ደግሞ ይህን ሆርሞን በደም ውስጥ አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ስለዚህ ታስሮ መቀመጥ የነበረበት ሆርሞን ተፈትቶ ይዘዋወራል። ብጉሩ፣ ፀጉሩና የወር አበባው መጥፋት ከዚህ ይመጣሉ።

የደም ሥርም የኢንሱሊንን ትእዛዝ ይሰማል። ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሴሎች የተለበጠ ነው፤ ኢንሱሊን እነዚህን ሴሎች ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን ያዛቸዋል። አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲለቁ ነው፤ ይህ ሥሩን ያላላል፣ ደም የሚያረጉት ሴሎችም ከግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ሌላው ኢንዶቴሊን እንዲለቁ ነው፤ ይህ ደግሞ ሥሩን ያጠባል። በጤናማ ሰው ሁለቱ ይመዛዘናሉ። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ግን የሚደነዝዘው ማላሊያው መንገድ ነው፤ ማጥበቢያው እንዳለ ይሠራል። ቆሽት ኢንሱሊን በጨመረ ቁጥር ማጥበቡ ይበረታል። በዚህ ላይ የሆድ ውስጥ ስብ፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ (አንዱ የደም ስብ ዓይነት) እና ዝቅ ያለ ጥሩ ኮሌስትሮል ሲጨመሩ ግድግዳው ቀስ በቀስ ይደድራል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት ክንድን ለ5 ደቂቃ በግፊት መለኪያ ማሰሪያ አጥብቀው ይዘው፣ ከለቀቁት በኋላ የክንዱ ደም ሥር ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ በማየት ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች፣ ገና በወጣትነታቸው ሳይቀር፣ ሥሩ የሚሰፋው በአማካይ ባነሰ መጠን ነው። ይህ የጥናት መለኪያ ስለሆነ እርስዎ መፈለግ የለብዎትም።

ነገ ልብዎ ይታመማል እያልን አይደለም። በወጣትነት ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ ፒሲኦኤስ ባለባትም ሴት ላይ ብርቅ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ፒሲኦኤስን ለልብና ለደም ሥር በሽታ የሚያጋልጥ ሁኔታ አድርጎ መቁጠር እንደሚገባ ይናገራል። «ልጅ ስትፈልጊ ትመጫለሽ» የሚለው ምክር ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ክትትል ቀላል ነው። የደም ግፊት በየዓመቱ ይለካል። የደም ስብ ምርመራ በሽታው እንደታወቀ ይደረጋል፤ የስኳር ምርመራም እንዲሁ ተደርጎ ከዚያ ወዲህ እንደ ተጋላጭነትዎ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይደገማል። ወገብዎን ቤትዎ ሆነው በሜትር ይለኩ፤ የሚለካው የቀሚስ መታጠቂያው ቦታ ላይ ሳይሆን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳርና ስብዎን መመርመሩን አያዘግዩ።

አንድ ነገር እንጨምር። አንገት ዙሪያ ወይም ብብት ሥር እንደ ከፋይ የሚወፍር ጥቁረት ካለ እድፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ነው። በመፈግፈግ አይለቅም። ለፊት ቅባት የሚገዙ እህቶችም ልብ ይበሉ፤ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ቆዳ ያሳሳል፣ የፊት ፀጉርም ያበዛል።

«ፋርማሲ የደም ግፊቴን ስለካ 148/94 አለኝ፤ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ስሄድ 126/80። የትኛውን ልመን? ወፍራም ነኝ፣ ክንዴም ትልቅ ነው።» ከቆጪ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ መልሱን ይዛለች። የመለኪያው ማሰሪያ ለክንዱ ከጠበበ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፤ ደም ሥሩን ለመጫን ጠባቡ ማሰሪያ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋልና። በየቦታው የሚገኘው መካከለኛ ማሰሪያ የሚሆነው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ከ35 እስከ 44 ከሆነ ትልቁ ያስፈልጋል። የክንድዎን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩና ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። «ትልቁ ማሰሪያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፋርማሲው በጠባብ ማሰሪያ ለክቶዎት ከነበረ 148ቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 126ቱ ብቻውንም ነፃ አያወጣዎትም፤ በትክክል ይደገም።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራም አይጨስም። ጫት የቃሙ ከሆነ ለሌላ ቀን ያቆዩት። ሽንት ይሸና። ከዚያ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ከመርካቶ ዕቃ ተሸክመው መጥተው ወዲያው ክንድዎን ቢሰጡ የሚለካው ድካምዎ ነው። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ማጥበቅም ያዛባል፤ ይውለቅ። ማሰሪያው በባዶ ቆዳ ላይ ይሁን፣ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ሲለካ አይወራም፤ የምትለካዋም ጥያቄ አትጠይቅዎ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ተለክቶ አማካዩ ይጻፍ። መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ አስለክተው ከዚያ በኋላ ከፍ ያለው በተነበበበት ክንድ ይቀጥሉ።

በተለያዩ ቀናት ተለክቶ ጤና ተቋም ውስጥ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ ነው። ቤት ውስጥ ለሚለካ ወሰኑ 135/85 ነው። በአንድ ጊዜ ልኬት ክኒን አይጀመርም፤ 180/120 የደረሰ ከሆነ ወይም ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን መጋረድ ካለበት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፉና ጠዋት ደክሞዎት የሚነሡ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ይበዛል፣ ግፊትንም ያወጣል።

«በባዶ ሆዴ የተለካሁት ስኳር 92 ነው። ግሉኮስ ጠጥተሽ ተመርመሪ ተባልኩ። ለምን? እናቴ ስኳር አለባት።» ከጅሬን

92 ጥሩ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርዎት። በፒሲኦኤስ መጀመሪያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር ነው። ሌሊት ቆሽት ሥራ ስለሚቀልለት ቁጥሩ ደህና ይመስላል፤ የሚፈተነው ሸክም ሲመጣበት ነው። እናትዎ ስኳር ስላለባቸው ደግሞ ይህን ምርመራ አይዝለሉት።

ለ3 ቀናት እንደወትሮዎ እንጀራዎንም ዳቦዎንም ይብሉ። «ለምርመራው» ብሎ እንጀራ መቀነስ ውጤቱን ያበላሻል፤ ያልለመደ ሰውነት በድንገት ስኳር ሲመጣበት ቁጥሩ ያለ በሽታ ይወጣል። ከዚያ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ይጹሙ፣ ውኃ ይፈቀዳል። ጠዋት ደም ይወሰዳል። 75 ግራም ግሉኮስ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። መጠኑ በሚዛን ይለካ፤ በማንኪያ ግምት የተሠራ ምርመራ ምርመራ አይደለም። 2 ሰዓት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወጥተው ጉዳይ ጨርሰው ቢመለሱ ጡንቻዎ ስኳሩን ስለሚበላው ውጤቱ በሐሰት ያምራል። ካስመለስዎት ምርመራው ለሌላ ቀን ይዛወራል። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ሳምንትም አይሠራም።

የ2 ሰዓቱ ከ140 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ140 እስከ 199 የስኳር በሽታ ዋዜማ፣ 200 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ (በሚሊግራም በዴሲ ሊትር)፤ ምልክት ከሌለ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። በዚያው ባዶ ሆድ በተወሰደው ደም የስብ ምርመራውንም ያሠሩት፤ ሁለተኛ መወጋትም ሁለተኛ መመላለስም ይቀርልዎታል። ትራይግሊሰራይድ 150 እና በላይ፣ ጥሩ ኮሌስትሮል ከ50 በታች ከሆነ ኢንሱሊን በትክክል እየሠራ እንዳልሆነ ያመለክታል።

«ቀጭን ነኝ፣ 51 ኪሎ። እኔንም ይመለከታል?» ከመርካቶ አካባቢ

ይመለከትዎታል። ቀጭን ሴትም ለኢንሱሊን አለመታዘዝ ሊኖራት ይችላል፤ መጠኑ ግን በአብዛኛው ያንሳል። ግፊትዎን በየዓመቱ ይለኩ፣ የስኳርና የስብ ምርመራውንም ይሥሩ። ክብደት መቀነስ ግን አያስፈልግዎትም፤ የሚመክርዎት ሰው ካለ ጡንቻ እንዲያጠነክሩ ይምከርዎት።

«የጅማ ሰው ከቡና ተለይቶ አይኖርም። ቡና ልተው? ቤታችን ከሰዓት በኋላ ጫትም አለ። ስለ ዘይትና ጨውም ንገሩኝ።» ከጅሬን

ቡናውን አይተዉ፤ ከቡናው ይልቅ ስኳሩ ያሳስበናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሆነ 6 ማንኪያ ነው። ጠዋትና ከሰዓት ቡና ከተፈላ 12 ይሆናል፣ ወደ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመርጠው ወሰን ለአዋቂ በቀን ወደ 25 ግራም ነው። በአንድ ጊዜ ማቆም ለከበዳት በየሳምንቱ ከየሲኒው ግማሽ ማንኪያ ትቀንስ፤ ምላስ በአንድ ወር ይለምዳል። ጨው በቡና የምትጠጣ ካለችም ጨው ለግፊት ከስኳር አይሻልም። ጀበናው ደለሉ እስኪረጋ ይቀመጥ። ባልተጣራ ቡና ውስጥ ያለው ካፌስቶል የተባለ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ኮሌስትሮሏ ከፍ ያለ ሴት የሲኒ ቁጥር ትቀንስ ወይም በወረቀት ማጣሪያ ታሳልፈው።

ስለ ጫት ያለምንም መሸፋፈን እንናገራለን። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊቱም በሚቃምበትና ከዚያ በኋላ ባሉ ሰዓታት ከፍ ይላል። ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት ላይ ማጥበቢያው መንገድ ቀድሞውኑ በርትቷል፤ ጫት ያንኑ ያግዛል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና የሚያባክነው እንቅልፍ ደግሞ ሌላ ሸክም ናቸው። ቤቱ ጫት ካለው፣ እርስዎ ቡናውን አፍልተው ቢቀመጡም መቃሙ ግዴታ አይደለም።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የተፈጨውንም ጨምሮ ነው። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ሳይገባ ቢፈጭ ድስቱ ላይ መቆጣጠር ይቀላል። ዘይት፦ በጠዋት ቅዝቃዜ የሚረጋው ፓልም ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው፤ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል። ቅቤም ከዚያው ወገን ስለሆነ በጣት የሚቀባ ይሁን። አቮካዶ በጅማ ገበያ ሞልቶ ሳለ በስኳር ጁስ ማድረጉ ያስቆጫል፤ በሎሚና በቃሪያ ከእንጀራ ጋር ይብሉት።

እንጀራ ክፉ አይደለም። የሚለወጠው የማዕዱ ድርሻ ነው፤ ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን። መጀመሪያ አትክልቱንና ምስሩን መብላት ከምግብ በኋላ ስኳሩ የሚወጣበትን ፍጥነት ያበርደዋል።

እንቅስቃሴ ላይ ቆም እንበል፣ ለደም ሥር ጥሩ መድኃኒት ነውና። ሲራመዱ ደም በፍጥነት ይፈሳል፤ ፍሰቱ ራሱ ግድግዳውን እየፈተገ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስለቅቃል። የሚሠራው ጡንቻም ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳል። ስለዚህ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ባይቀንስም የደም ሥሩ ይጠቀማል። መጠኑ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ 250። እያወሩ መሄድ ሲቻል መዝፈን ግን ሲያቅት ፍጥነቱ ትክክል ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ባጃጁን ወርደው የመጨረሻውን 15 ደቂቃ በእግር ይውጡት። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት የማይከታተሉ ቀናት ጡንቻ ይሥሩ። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን 5 ኪሎ ነው፤ በሁለት እጅ ደረት ላይ ይዞ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ዝናብ ላለበት ክረምት ይህ ይበቃል። ክብደት ላላት ሴት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ከ4 እስከ 8 ኪሎ፣ የወር አበባንም ግፊትንም ያሻሽላል።

«የወር አበባዬ እንዲስተካከል የወሊድ መከላከያ ክኒን ተሰጠኝ። ደም ያረጋል ይባላል፣ ልቀጥል?» ከቦሳ ቂጦ

በሁለት ሆርሞን የተሠራው ክኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፤ ነገር ግን በልኩ ይታይ። ክኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5፣ ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9፣ ካረገዙት ከ5 እስከ 20 ያህሉ ላይ ይደርሳል። ሳይለካ መጀመር የማይገባው ግፊት ነው። 140/90 ከደረሰ በአብዛኛው ሌላ ዘዴ ይመረጣል፣ 160/100 ከሆነ ጨርሶ አይወሰድም። እግር ወይም ሳንባ ላይ ደም ረግቶ የነበረባት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያየች ማይግሬን የሚነሣባት፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆና የምታጨስ አትውሰደው። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ክኒኑን አቁመው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ክኒኑ የማይሆንላት ሴትም የወር አበባዋ ከ90 ቀን በላይ ሲቀር ዝም ልትል አይገባም፤ የማሕፀን ግድግዳ ሳይረግፍ እየወፈረ ይሄዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ የፕሮጄስትሮን ክኒን ወይም ኢስትሮጅን የሌለው ሌላ ዘዴ አለ።

«ሜትፎርሚን ሆዴን አመሰው። ረመዳንም ደረሰ፣ እንዴት ላድርግ?» ከመንደራ

ሜትፎርሚን ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳ ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያምሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መጀመሩ ነው። 500 ሚሊ ግራም ከእራት መሀል ይጀመራል፤ ሆድ ከለመደ በኋላ በ1 ወይም 2 ሳምንት ሌላ 500 ይጨመራል። ሳይበሉ መዋጥ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት መስበር ሆድ ያውካል። በቀን ሁለቴ የሚወስዱት በጾሙ ወቅት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዛወራል። ሦስቴ ከነበረ የቀኑ ከኢፍጣሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ሐኪምዎ ያረጋግጥልዎ። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ለዓመታት የምትወስድ ቫይታሚን ቢ12ን ታስመርምር። ደግሞም እንቁላል መልሶ ሊያስወጣ ይችላል፤ ማርገዝ የማትፈልግ መከላከያ አትተው።

«34 ዓመቴ ነው፤ ለግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። የወር አበባዬ በሦስት ወር አንዴ ነው። ማርገዝ እንፈልጋለን።» ከቆጪ

ይህ ከሁሉም ቀድሞ የሚታይ ነው። ኢናላፕሪል በእርግዝና የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ ጽንሱ ያለበትን ውኃም ያደርቃል። የወር አበባ በየወሩ የምትመጣላት ሴት ሲቀርባት ትጠረጥራለች፤ እርስዎ ግን ሦስት ወር ያረገዙ እንደሆነ ከልማድዎ ለይተው አያውቁትም። ስለዚህ ሐኪምዎን ሳያማክሩ መከላከያ አይተዉ። ክኒኑንም በራስዎ አያቁሙ፣ ግፊቱ ተመልሶ ይነሣል። በዚህ ሳምንት ሄደው «ማርገዝ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ወደ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ይቀይሩልዎታል። ግፊቱ በአዲሱ መድኃኒት ከረጋ በኋላ ይሞክሩ፤ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ አስቀድመው ይጀምሩ። መከላከያ ከተዉበት ቀን አንሥቶ የወር አበባ ሳይመጣ 4 ሳምንት ባለፈ ቁጥር በሽንት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።

ሲያረግዙ በመጀመሪያው ቀጠሮ ፒሲኦኤስና የቆየ ግፊት እንዳለብዎት ይናገሩ። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ አስፕሪን ያስፈልግዎት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። የግሉኮሱ ምርመራ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ይደገማል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ወይም የፊት እብጠት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል።